ብርቄ የምትቆምበት ቦታ

(በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በብረት ቀራጩ በጋሽ ይርዳው ቶርኖ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ የእህቱ ልጅ ጥላዬ የሟች አባቱን እስኬስ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አጋድሟል፣ ሥራ ፈቶች በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።)

ይርዳው፦ እፍ! አንሣልኝ ይሄን ነገር ከጠረጴዛዬ ላይ! ምኑ ነው እንዲህ የሚሸተው?

ጥላዬ፦ አይሸትም ጋሼ። ካሳው በያጁ ትናንት የሠራልኝ፣ ርግጫ የሚይዝ የአፈሙዝ ፍሬን ነው። ትንሽ ጠመም አለብኝ እንጂ...

ይርዳው፦ ትንሽ? ከምን ቧንቧ ነው የቆረጠው?

ጥላዬ፦ ከ... ከሽንት ቤት ቧንቧ መሰለኝ። አጥቦታል ግን።

ይርዳው፦ ኤጭ! በእጄ ይዤዋለሁ እኮ! አባትህ እንደ አራስ ልጅ እያሸ ያኖረውን ጠመንጃ አፉ ላይ የሽንት ቤት ቧንቧ ልታጎርሰው? ጥይቱ ሲወጣ ይሄን ጠማማ ቢነካው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ?

ጥላዬ፦ ባላውቅ አይደል እርስዎ ጋ የመጣሁ! ሠርጉ ነገ ነው። ወንድሜ ሊያገባ፣ የምተኩሰው እኔ።

ይርዳው፦ መጀመሪያ ጠመንጃውን ከፍተህ ባዶ መሆኑን አሳየኝ።

ጥላዬ፦ ባዶ ነው።

ይርዳው፦ በዚህ በኩል ዙርና ተናገር። የግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ እያወቅህ።

ጥላዬ፦ ባዶ ነው አልኩ! ይኸው!

ይርዳው፦ እሺ። አሁን ንገረኝ፣ ያለ ፍሬን ብትተኩስ ምን ትሆናለህ?

ጥላዬ፦ ይረግጠኛላ! ባለፈው ሠርግ አላዩኝም? ሦስተኛውን ስለቅ...

ይርዳው፦ ጠላ ጋን ውስጥ የተቀመጥከው?

ጥላዬ፦ ውስጥ አይደለም፣ ላዩ ላይ ነው! ተሰበረ እንጂ አልገባሁም።

ይርዳው፦ ሱሪህ ግን እስከ ማግስቱ ጌሾ ጌሾ ሲሸት ነበር።

ጥላዬ፦ አገር ሳቀብኝ ጋሼ! ያቺ የመሪጌታ ልጅ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ነገ አምስት እለቃለሁ፣ ንቅንቅ ሳልል። አለዚያ እዚህ አገር ሚስት አላገኝም።

ይርዳው፦ ጥፋቱ የእግርህ ነው። ግራ እግርህን ወደ ፊት አድርገህ፣ ከወገብህ ጎንበስ ብትል አይጥልህም። ይሄን ደግሞ ቶርኖ አይሠራውም።

ጥላዬ፦ ጎንበስ ብዬ ልፎክር? ፉከራ እኮ ነው፣ ጤፍ አጨዳ አይደለም!

ይርዳው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ና እንግዲያ፣ ከመሳቢያዬ ያወጣኋቸውን እነዚህን እይ። ሁለት ዓይነት ነው። ይሄ ቀዳዳው ወደ ላይ የሆነው አፈሙዙ ሰማይ ሰማይ እንዳይል ወደ ታች ይጫነዋል፤ ርግጫውን ግን ብዙም አይቀንስልህም። ያኛው ቀዳዳው በግራና በቀኝ የሆነው፣ ፍሬን የምትለው እሱ ነው። የባሩዱን ግፊት ወደ ጎን ይተፋዋል፣ ትከሻህ ያርፋል።

ጥላዬ፦ ወደ ጎኑ! እሱን ይስጡኝ፣ ልያዘው! ስልኬ ላይ ያየሁትም እሱ ነው። ይዩት እስቲ ፈረንጁን፣ ዐሥር ጊዜ ሲለቅ ቅንድቡ እንኳ አይነቃነቅ።

ይርዳው፦ ጆሮው ላይ ያደረገው ምንድን ነው?

ጥላዬ፦ እሱማ ሙዚቃ እየሰማ ነው።

ይርዳው፦ ምን?

ጥላዬ፦ ሙዚቃ! ወኔው እንዲነሣ ነዋ። እኛ የሚሸልል ሰው አለን፣ እነሱ ከየት ያምጡ?

ይርዳው፦ አይ የብርቄ ልጅ! ከኋላው የቆሙትስ? ሴትዮዋስ? ሁሉም ሙዚቃ ላይ ናቸው?

ጥላዬ፦ ...ሁሉም አድርገዋል።

ይርዳው፦ ጆሯቸውን ደፍነው ነው፣ አንተ! ከአንተ ትከሻ የሸሸው ግፊት ከነጩኸቱ የት የሚገባ መሰለህ? ጎንህ የቆመው ሰው ጆሮ ውስጥ ነዋ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ። ለመሆኑ ነገ ጎንህ የሚቆመው ማን ነው?

ጥላዬ፦ ማን ይሆናል፣ እናቴ ናት። እኔ ስፎክር እሷ በቀኜ ቆማ እልል ካላለች ምኑን ሠርግ ሆነ?

ይርዳው፦ ብርቄ?

ጥላዬ፦ እህትዎ። ሌላ እናት አለኝ እንዴ?

ይርዳው፦ እፍፍ! አስጠላኸኝ። ከቧንቧው ብሰህ አስጠላኸኝ።

ጥላዬ፦ ጆሮዋን ትያዝ ታዲያ!

ይርዳው፦ በምኗ? በሁለት እጇ እያጨበጨበች አይደል እልል የምትለው? ሦስተኛ እጅ አወጣችልህ?

ጥላዬ፦ ያጋንናሉ ጋሼ። አባቴም እኮ በዚሁ ጠመንጃ ላይ ፍሬን ነበረው ሲሉ ሰምቻለሁ። ያኔ ማን ደነቆረ? እስቲ አንድ ሰው ይጥሩልኝ።

ይርዳው፦ እኔ።

ጥላዬ፦ ምን አሉ?

ይርዳው፦ አንተም ደነቆርክ? እኔ ነኝ አልኩህ! ያንተ ክርስትና ዕለት። ፍሬኑን የሠራሁት እኔ፣ በሥራዬ እየኮራሁ በቀኙ የቆምኩት እኔ። ሦስት ለቀቀ። ያ ጆሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭው ይላል እንጂ ሌላ ነገር አይሰማም።

ጥላዬ፦ ቶርኖው ነው ያደነቆረኝ ይሉ አልነበር?

ይርዳው፦ አባትህን ምን ልበለው? አንተን ታቅፎ እየሳቀ! በማግስቱ ላጽዳልህ ብዬ ፍሬኑን ወሰድኩ፣ ከዚያ ጠፋ አልኩት። ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ጠፋ እንዳልኩት ነው። ይኸው፣ አሁን ጨብጠኸው የቆምከው።

ጥላዬ፦ ይሄ? የአባቴ ነው ይሄ?

ይርዳው፦ የአባትህ።

ጥላዬ፦ ታዲያ ለጠመንጃው ልኩ ነው ማለት ነዋ! እስካሁን ምን ያስለፈልፈኛል? ርስቴ ነው!

ይርዳው፦ ትፍ! እኔ ጆሮ እልሃለሁ፣ አንተ ልክ ትለኛለህ? ጣለው ከእጅህ!

ጥላዬ፦ አልጥልም። ከከለከሉኝ ግን የካሳውን አስሬ ሠርግ እገባለሁ፣ በእናቴ ስም!

ይርዳው፦ የሽንት ቤቱን? ያ እኮ ጆሮ አይደለም የሚያጠፋው፣ ሰው ነው!

ጥላዬ፦ እንግዲያ ይምረጡልኛ። ጆሮ ወይስ ሰው።

ይርዳው፦ ...እሺ። ወስደህ ግጠመው።

ጥላዬ፦ የእውነት? እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ! እኔ እኮ...

ይርዳው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሳይሞከር ከዚህ አይወጣም። አሁን ወደ ድንጋይ ማውጫው እንወርዳለን። እዚያ ማንም የለም። የምተኩሰው እኔ ነኝ።

ጥላዬ፦ ይተኩሱ። እኔስ?

ይርዳው፦ አንተማ ብርቄ የምትቆምበት ትቆማለህ። በቀኜ። እያጨበጨብክ፣ እልል እያልክ። አምስት ነው አይደል ያልከው? አምስት።

ጥላዬ፦ ...ጥጥ ልወትፍ?

ይርዳው፦ ብርቄ ነገ ጥጥ ትወትፋለች?

ጥላዬ፦ እርስዎስ?

ይርዳው፦ እኔ የቀረችኝን አንዷን እደፍናለሁ። ተኳሽ ነኝ። ለራስ ሲቆርሱ አልኩህ እኮ።

ጥላዬ፦ ጋሼ...

ይርዳው፦ አቤት። በቀኝ በኩል ነህ፣ እሰማሃለሁ።

ጥላዬ፦ ያ ጎንበስ ያሉት ነገር... ወደ ፊት የሚሄደው ግራ እግር ነበር ወይስ ቀኝ?

ይርዳው፦ መጀመሪያ ያንን የካሳውን ቧንቧ ቁርጥራጭ ቆሻሻ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው። በጨርቅ ያዘው፣ በእጅህ አትንካው! ግራ ነው።

ጥላዬ፦ እናንተ ደግሞ በሩ ላይ ምን ያስገለፍጣችኋል? እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ አገር እያየ ጎንበስ ብላችሁ ትፎክራላችሁ፣ ወይስ እናቴ የምትቆምበት ትቆማላችሁ?