የአዲሱ አምበል ጉልበት

(እሁድ ከሰዓት፣ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው። ትናንት አምበል ሆኖ የተመረጠው ተከላካይ ምኞት፣ የክለቡ ወጌሻ ጋሽ ደምሰው ዘንድ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያስጠቀለለ ነው።)

ምኞት፦ ጠበቅ ያድርጉት፣ ጋሼ። ትንሽ ብቻ።

ጋሽ ደምሰው፦ ከዚህ በላይ ካጠበቅኩት ደም አይዘዋወርም። ማደንዘዣውንም አልወጋህም፤ ለአራተኛ ጊዜ አትጠይቀኝ።

ምኞት፦ የመጀመሪያ ጨዋታዬ እኮ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ሁለት መቶ ምናምን ጨዋታ ተጫውተህ የምን የመጀመሪያ?

ምኞት፦ በአምበልነት። እያወቁ አያድርቁኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ ሐኪሙ ያለህን አብሬህ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ከተጠመዘዘ በምርኩዝ ነው የምትሄደው አለህ። ለአሰልጣኙ ነገርከው?

ምኞት፦ ከጨዋታው በኋላ።

ጋሽ ደምሰው፦ ባለፈውም እንደዚሁ ነበር ያልከኝ።

ምኞት፦ እዚህ ክለብ ስመጣ ያስታውሱኛል? አራት ዓመት ወንበር አሞቅኩ። ተቀይሬ ስገባ ደጋፊው "አውጡት" ይል ነበር።

ጋሽ ደምሰው፦ እንዴት አላስታውስም። ከኋላዬ ሆነው ነበር የሚሰድቡህ።

ምኞት፦ አጥቂ ሲያገባ ፎቶ ይነሳል። የኔ ስም የሚጠራው ስሳሳት ነው። አሁን በሠላሳ ሦስት ዓመቴ የአምበሉን ጨርቅ ሲያስሩልኝ፣ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ልመልሰው?

ጋሽ ደምሰው፦ ደክሞሃል፣ ምኞት።

ምኞት፦ ደክሞኛል። ታዲያ?

ጋሽ ደምሰው፦ እኔም ደክሞኛል። በየሳምንቱ ጠጋግኜ እልክሃለሁ፣ ብሶብህ ትመጣለህ።

ምኞት፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት አምበል ለመምረጥ እንደ ልማዳችን ተጫዋቹም እናንተ ሠራተኞቹም ስም ጽፋችሁ በበረኛው ጓንት ውስጥ ስትከቱ፣ ሃያ አምስቱ ወረቀት የኔ ስም ነበረበት። አንዷ ግን የአጥቂያችንን የናሆምን ስም ይዛለች።

ጋሽ ደምሰው፦ ሃያ አምስት ሰው መርጦህ አንዷ ታሳስብሃለች?

ምኞት፦ ተከላካይ አይደለሁ? ያለፈችኝን ነው የማስታውሰው።

ጋሽ ደምሰው፦ አንተስ ማንን ጻፍክ?

ምኞት፦ አይሳቁብኝ። ራሴን። ማንም ባይጽፈኝ አንዲት እንኳ ትኑረኝ ብዬ።

ጋሽ ደምሰው፦ አልሳቅኩም።

ምኞት፦ ያቺን ማን እንደጻፋት ያውቃሉ?

ጋሽ ደምሰው፦ እኔ ነኝ።

ምኞት፦ እርስዎ?

ጋሽ ደምሰው፦ እነሱ የመረጡት ወድቆ የማያውቀውን ምኞት ነው። እኔ ይህን ጉልበት በየቀኑ እያሸሁ እንዴት ብዬ ልምረጥህ? ጨርቁን ካሰርክ ማንም እንደማያስቆምህ አውቃለሁ። ከኳስ በኋላ የምትሄድበት እግር እንዲተርፍህ ፈለግኩ። ካስከፋሁህ ይቅርታ፤ ዛሬም ወረቀት ቢሰጡኝ ግን ያንኑ እጽፋለሁ።

ምኞት፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተነስ ያላለኝ ሰው የለም። አሰልጣኙ፣ ደጋፊው፣ እኔም ራሴን። አረፍ በል ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጋሽ ደምሰው፦ ተቀየምከኝ?

ምኞት፦ ፋሻውን ይፍቱልኝ፣ ጋሼ። አሰልጣኙንም ይጥሩት፤ እኔው ልንገረው።