አየር የለካው ምሳ ዕቃ

ኦቦ ቦጂያ ያንን የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ መጀመሪያ ባዩት ጊዜ የመሬት መለኪያ መስሏቸው እንደነበር አይክዱም። ማንስ ይፈርድባቸዋል? በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጋ፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር አገሩን ባተራመሰበት ወራት፣ በሰበታ ዙሪያ «ለካ» የሚለው ግስ ብቻውን ደም ያፈላ ነበር። ለኪ የረገጠውን ማሳ ችካል ይከተለዋል፤ ችካሉን የቆርቆሮ አጥር፤ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ደግሞ ባለማሳው ለዘበኝነት የሚለማመጥበት ፋብሪካ ይነሣል። የኦቦ ቦጂያ የጤፍ ማሳ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የቀረቻቸው በባህር ዛፍ ግንድ የታጠረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነበረች።

በዚያ ቀን የልጅ ልጃቸውን ሌንሴን አዝለው ከጤና ጣቢያ በእግራቸው ይመለሱ ነበር፤ የዓለም ገና መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። የልጅቷ እናት ሞታለች። አባቷ፣ የኦቦ ቦጂያ ብቸኛ ልጅ፣ ፕላኑን ከተቃወመው ሰልፍ በኋላ ተወስዶ የት እንዳለ አይታወቅም። ባለፈው ክረምት ደግሞ ታናሽ ወንድሟ በዚችው ቤት ውስጥ እንደዚሁ ሲያቃስት ሰንብቶ አርፏል። አሁን የሌንሴም ደረት እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። በጤና ጣቢያው «መድኃኒት የለም» ተብለዋል። ደጃቸው ሲደርሱ አንድ ወጣት በአጥራቸው ግንድ ላይ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ በሽቦ ሲያስር አገኙት።

«አጥሬ ላይ ምን ታደርጋለህ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ሲደናገር አይተው በአማርኛ ደገሙለት።

ወጣቱ ኤልቃና ይባላል፤ ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥቶ ከሆሳዕና የመጣ፣ በማዶው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና የሚሠራ ነው።

«አካም ጂርቱ፣ አባቴ» ሲል በተሰባበረ ኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፣ ጎንበስ ብሎ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባንኳኳ ሰው አጣሁ። ልለካ ፈልጌ ነው።»

ቃሉ እሳት ላይ እንደ ወደቀ ጨው ተንጣጣ።

«ልትለካ?» ከዘራቸው ወደ ላይ ተነሣ።

«መሬት አይደለም አባቴ! አየሩን ነው!»

«መሬቱን ለክታችሁ ጨረሳችሁና አሁን ደግሞ አየሩን? እሱንስ የምትወስዱት በካሬ ነው በኩንታል?»

ሌንሴ ከጀርባቸው ሆና አንገቷን አሰገገች። «አባባ፣ ምሳ ዕቃ እኮ ነው። ምሳው የታለ?»

«ምሳው አቧራ ነው» አለ ኤልቃና። «ይበላና የበላውን ይቆጥራል።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ።

ኤልቃና የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ አሳያቸው። «በበር ስንጥቅ የፀሐይ ጨረር ሲገባ ትቢያ ሲደንስ አይተዋል? እዚህም ያው ነው። ይህቺ ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ትስባለች፤ ይህቺ መብራት ታበራበታለች፤ ይህ ደግሞ የሚያልፈውን ትቢያ ይቆጥራል። ዕቃው ከመርካቶ በርካሽ የተለቀመ ነው። ቁጥሩ ከሠላሳ ካላለፈ ደረት አይከፋውም። እዚህ አጥርዎ ላይ መቶ ሃያ ይላል። ጢሱ የፋብሪካችን ነው።»

«የምትበላበትን ቤት ልትከስስ ነዋ!»

«የምበላበት ነው አባቴ፤ የምተነፍስበትም ነው።»

«ጢሱን ዓይኔ ያየዋል፣ አፍንጫዬም ያሸተዋል። ቁጥር ምን ይጨምርልኛል?»

«ሹም ሳል አይሰማም፤ ቁጥር ግን ይሰማል።»

«ተሳስተሃል!» አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ድምፃቸው ሳይጎላ። «እኔ የአባቴን ማሳ ‹ላፋ ኮ› ነበር የምለው፣ መሬቴ። ‹ካሬ› አሉት። ካሬ ከሆነ ወዲህ ሄደ። ቁጥር የሆነ ነገር ሲመለስ አላየሁም፣ ልጄ።»

እውነት ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ለዚህ ንግግር መልስ የነበረው የተማረ ሰው አልነበረም። ዕውቀት በሹም እጅ መንጠቂያ ሆኖ ከኖረ፣ በኋላ በቅን ሰው እጅ ሲመጣም ሕዝቡ የሚያየው ያንኑ የመንጠቂያ እጅ ነው። ከዘረፋው ሁሉ የከፋው ዘረፋ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው መድኃኒቱን እንኳ እንዳያምን ማድረጉ።

ከዋናው መንገድ ተኩስ ተሰማ። ጎማ መቃጠል ጀመረ፤ አስለቃሽ ጢስ ተከተለ። ከሚሸሹት ወጣቶች አንዱ ባለሽቦውን ሣጥንና ባዕዱን ሰው በአንድነት አየ።

«ለኪ! ለኪ መጥቷል!»

ድንጋይ ግንዱን መታው። ኦቦ ቦጂያ በኤልቃናና በሚመጡት መካከል ቆሙና «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ እንግዳዬ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ቀጥሎም ክንዱን ይዘው «ኮቱ፣ ና ግባ!» ብለው ወደ ቤት ጎተቱት። በሩ ተቀረቀረ። ሣጥኑ ከግንዱ ተነቅሎ በኤልቃና እቅፍ ውስጥ እንደበራ ነበር።

ቤቱ ጨለማ ነው። በመስኮቱና በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ተጠቅጥቋል።

«ንፋስ ነው የመታት» አሉ ሽማግሌው ልጅቷን አስተኝተው ከሰል እያያያዙ። «ወንድሟንም ንፋስ ነው የገደለብኝ። ዘንድሮ አንዲት ቀዳዳ አልተውኩለትም።» በፍሙ ላይ እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል ጨመሩ። «ይህን ስትታጠን ደረቷ ይከፈታል።»

ነጭ ጢስ ክፍሉን ሞላው። ኤልቃና ወደ ሣጥኑ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሣጥኑን አራገፈው፤ አጥፍቶ አበራው።

«ምነው? ተበላሸ?»

«ተበላሽቶ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ፣ አባቴ።»

«ስንት አለ?»

«ዘጠኝ መቶ።»

ኦቦ ቦጂያ ከት ብለው ሳቁ። «ፋብሪካው አልጋዬ ሥር ገባ በለኛ! የአንተ ሣጥን ጢስ ከመድኃኒት አይለይም።»

«አይለይም። ደረትም አይለይም» አለ ኤልቃና፤ ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «እኔም ዛሬ ነው የተማርኩት። በአጥርዎ በኩል ያለውን ጠላት ብቻ ነበር የምፈልገው። በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ምድጃውን ወደ ጓሮ ያውጡትና ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያየውን መስኮት ይክፈቱት።»

«ውጭ ተኩስ አለ! አስለቃሽ ጢስ አለ!»

«ነፋሱ ከተራራው ነው፤ ጢሱን ወደ መንገዱ ይገፋዋል። ቃሌን አይመኑ። ሣጥኑን ይዩ።»

ሽማግሌው ወደ ሌንሴ ተመለከቱ። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ለመተንፈስ በትከሻዋ ትታገላለች። ውስጡ ከሰል፣ ውጭው ጎማ፤ ለአንዲት ሕፃን የሚሆን አንድ ጉንጭ አየር የታጣበት አገር ሆኖ ታያቸው። ከንዴት ይሁን ከተስፋ መቁረጥ ሳያውቁት ምድጃውን አንሥተው በጓሮ በር ወረወሩት፤ ከመስኮቱም ጨርቁን ነቀሉ። ቀዝቃዛው ነፋስ፣ ያ ዕድሜ ልካቸውን የሸሹት፣ ገባ።

ቁጥሩ ወረደ፤ አምስት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ መቶ፣ ሰባ። የሌንሴ ትከሻ ቀስ በቀስ ረገበ።

«ለካ» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

ኤልቃና ስለ ሣጥኑ የተናገሩ መሰለው። «አዎ፣ ለካ።»

«አይደለም። ለካ ንፋሱ ሳይሆን እኔ ኖሬአለሁ።» መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ያንንም ሕፃን፣ ወንድሟን፣ እንዲሁ ነበር የማጥነው። ለካ በእጄ ነው።»

«አባቴ፣ ሣጥኑ ያለፈውን አይናገርም። የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካው ጢስም አለበት…»

«ተወኝ ልጄ። አታባብለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ መድኃኒት ብዬ በሽታውን ስማግድ ኖሬአለሁ።» ወደ ሣጥኑ ዞረው እንዲህ አሉ፤ «መሬቴን የለካው ሰው ቁጥሩን አላሳየኝም፤ ይዞት ሄደ። አንተ አሳየኸኝ። ልዩነቱ ይኼ ነው። ይኼ ብቻ ነው።»

በተከታዩ ክረምት የሌንሴ ደረት ማፏጨቱን ፈጽሞ አልተወም፤ ግን ተቀምጣ ማደሯ ቀረ፤ ተኝታ ታድር ጀመር። ሣጥኑን ለማየት የመጡ ጎረቤቶችም ምድጃቸውን ወደ ደጅ አወጡ፤ የቤታቸውን መስኮት በቀን ይከፍታሉ፤ የታመመ ሕፃን አያጥኑም። ይህ ሁሉ ያለ ገንዘብና ያለ ሹም ፈቃድ የተደረገ ነው። የአጥሩን ቁጥር የሚቀበል መሥሪያ ቤት ግን አልተገኘም። የሌንሴም አባት አልተመለሰም። ኤልቃና ከሥራው ተባርሮ ወደ ሆሳዕና ሲሄድ ሣጥኑን ለሽማግሌው ተወላቸው።

ኦቦ ቦጂያ የመስኮቱን ጨርቆች ሰብስበው ሊያቃጥሉ ክብሪት ከጫሩ በኋላ ጢሱን አሰቡና አጠፉት። ጨርቆቹን ጓሮ ቆፍረው ቀበሯቸው። ሣጥኑንም ፊቱን ወደ ፋብሪካው አዙረው፣ ለኪ ያስጠጋ ባልነበረው አጥራቸው ግንድ ላይ፣ በገዛ እጃቸው አሰሩት።