ባዶውን ያልሸኘነው የቆሻሻ መኪና

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቆሻሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ምን ያስቃችኋል? አልነበረም ነው የምላችሁ። እበቱ ማሳ ይገባል፣ ገለባው ለአህያ ነው፣ አመዱ ነቀዝ እንዳይነካው ከማሽላው ጋር ይቀላቀላል፣ የማንጎው ልጣጭ የፍየል ነው፣ አጥንቱ የውሻ ነው። ጀሪካን ሲቀደድ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል፣ በረባሶ ሲያልቅ ተቆርጦ የበር ማጠፊያ ይሆናል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረፈ ነገር ካለ እናንተ ንገሩኝ። እኛ ከወሎ በዚያ በክፉ ቀን ተጭነን አሶሳ የሰፈርን ሰዎች ነን፣ ረሃብ ያየ ሰው ምን ይጥላል? ምንም አይጥልም። እና እንዲህ ሆነን ስንኖር ስንኖር ከተማው መጣብን።

መጣብን ማለቴን አትለፉት። እኛ ወደ ከተማ አልሄድንም፣ ከተማው ነው ተነስቶ ወደኛ የመጣው። አንድ ቀን ማንጎው ሥር ሰብስበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ገጠር መሆናችሁ ቀርቷል፣ ወደ ከተማው ተካልላችኋል አሉን። ጠዋት ገበሬ ሆኜ ከቤት የወጣሁት ሰውዬ ለምሳ ከተሜ ሆኜ ተመለስኩ። ለባለቤቴ ለሀሊማ ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ከተሜ ከሆንክ እግርህን ታጥበህ ግባ አለችኝ።

ሸህ ሙሳን ታውቁታላችሁ አይደል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የበርታው ሽማግሌ፣ እኛ አገሩን ሳናውቀው ስንመጣ ማሽላውን ያካፈለን ሰው። ታዲያ እሱ በዚያ ስብሰባ ላይ ብድግ አለና፣ አማርኛው እንደምታውቁት ነው፣ እንዲህ አለ፦

«እኔ የትም አልሄደም። በፊት ወሎ መጣ፣ አሁን ከተማ መጣ። እኔ እዚሁ ቁጭ ይላል፣ ሁሉ ሰው እኔ ጋ ይመጣል። ነገ ማን ይመጣል? ይንገሩኝ፣ ምንጣፍ ያነጥፋል።»

ሰብሳቢዎቹ ሳቁ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር። እና መብራት ይመጣል አሉን፣ ውሃ ይመጣል አሉን፣ እኛም እሺ ብለን ጠበቅን። ሁሉን ቀድሞ የመጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቆሻሻ መኪና።

ቆይ፣ ከሱ በፊት መንገዱ መጣ። መንገዱን ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ያቺ ወንዛችን በበጋ ዶሮ የምትሻገራት ናት፣ ክረምት ሲገባ ግን ዝሆን አይደፍራትም። ይቺ እዚህ የተቀመጠችው ዘሃራ፣ ልጄ፣ የመጀመሪያ ምጧ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመናት ወንዙ ዳር ቆመን ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ልጁ እዚያው ሞተ። እሷን አላህ አተረፈልኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ ያንን ውሃ ፊት ለፊት አላየውም ነበር፣ ስሻገር እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው። ታዲያ ከተማው ግሬደር ይዞ መጣና መንገዱን ጠረገ፣ ወንዙ ላይ ትልልቅ ቱቦ ቀበረ፣ በላዩ ድንጋይና አፈር ሞላበት። ያን ጊዜ ዘሃራ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፣ የምትወልደውም ነሐሴ ነው። እኔ ሄጄ ያንን ቱቦ በእጄ ዳበስኩት፣ ወላሂ፣ እንደ በሬ ጀርባ ዳበስኩት።

እና መንገዱ እንደተጠረገ፣ ሚያዝያ ላይ፣ መኪናው መጣ። ጡሩንባውን እየነፋ መጥቶ ማንጎው ሥር ቆመ። ሾፌሩ ደረጀ ይባላል፣ ሸንቀጥ ያለ የጎጃም ልጅ። ከኋላ የሚጭኑ ሁለት ልጆች አሉት፣ ጓንት አድርገዋል። ቆሻሻችሁን ልንወስድላችሁ ነው የመጣነው አለ። ወንዱም ሴቱም ወጥቶ ከበበው። አሁን ምን ይባላል? የለንም ማለት እኮ ነውር ነው። ሰው ከከተማ ድረስ መኪና አስነስቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ በርህ ላይ ቆሞ፣ የለንም ብለህ ባዶውን ልትመልሰው? ወሎ ይህን አያደርግም፣ በርታም አያደርግም። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሀሊማ ገባችና አንድ ኩንታል ማንጎ አስጎትታ ወጣች።

ከዚያማ ማን ያቆመዋል። አንዱ ማንጎ ያመጣል፣ አንዱ ማሽላ፣ አንዷ ከነሕይወቷ ዶሮ ይዛ መጣች፣ ሸህ ሙሳ ማር በቅል ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ደረጀ መጀመሪያ እጁን እያርገበገበ፣ ኧረ እኔ የመጣሁት ለቆሻሻ ነው፣ ኧረ አባቴ ተዉ ይላል። ደግሞ ዶሮዋን ጋቢና ውስጥ እያስገባት ነው። ያን ቀን የቆሻሻው መኪና እንደ ሙሽራ መኪና ተሸኘ፣ ሴቶቹ እልል አሉለት።

በየማክሰኞው ነው የምመጣው ብሎን የሄደ ሰው ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ቅዳሜም መጣ። የሌላው ሰፈር ሰው ቆሻሻው ደጁ ላይ ተከምሮ መኪና ጠፋ እያለ ይጮሃል፣ ቆሻሻ የሌለን እኛ ግን መኪናው ከደጃችን አይጠፋም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ ነገሩ ተነቃ። ከቆሻሻ መኪናው ላይ የማሽላ ኩንታል ሲወርድ ያየ ሰው የደረጀ አለቃ ጋ ደረሰ፣ ደረጀም ተጠርቶ፣ ከእንግዲህ ከቆሻሻ በቀር አንድ ፍሬ ማንጎ ብትጭን ወዮልህ ተባለ። በማክሰኞው መጣ፣ ፊቱ ጠቁሯል። ማንጎ ስንሰጠው ሁለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አባ ሰይድ፣ ቆሻሻ ከሌላችሁ እኔን ምን ያመላልሰኛል? እቀራለሁ። እኔ ከቀረሁ ደግሞ ይሄን መንገድ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» አለኝ።

እኔም ነገሩን አሰላሁት። መኪናው ካልመጣ መንገዱን የሚያየው የለም፣ መንገዱን የሚያየው ከሌለ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ቱቦው ብቻውን ይቀራል፣ ነሐሴ ደግሞ ይመጣል። ዘሃራን አየኋት። ማንጎው ሥር ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ለሰው አልተናገርኩም እንጂ ያን ቀን ወንዙ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

እና ማታውኑ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ጎበዝ፣ ቆሻሻ መውለድ አለብን አልኳቸው። አንዱ፣ ከየት እናምጣ? አለ። አንዱ፣ እንግዲህ እናባክና አለ። ማባከን እንሞክር ተባለና ተሞከረ፣ አልሆነልንም። ሀሊማ የተቀደደ ጆንያ ልትጥል ይዛ ወጣች፣ ደጅ ላይ ቆመች፣ አገላበጠችው፣ ተመልሳ ገብታ ሰፋችው። ምን ታድርግ፣ እጇ እንቢ አላት።

መላውን ያመጣው ሸህ ሙሳ ነው። «ቆሻሻ ከተማ ውስጥ ሞልቷል» አለ። «ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል፣ አህያ ባዶውን ይመለሳል። ለምን ባዶውን ይመለሳል?»

ልክ ነው አልን። ከዚያ ቅዳሜ ማንጎና ሽመል፣ የቆላውን ቀርከሃ፣ ሸጠን ስንመለስ ጋሪያችንን ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ቆሻሻ ሞላንበት። ባለቤቱ ደስታውን አልቻለውም፣ ሻይ ጋበዘን። ስንወጣ አንድ ደንብ አስከባሪ ከመንገድ ዘሎ ገባና የአህያዋን ልጓም ያዘ። ቆሻሻ ልጥል የምሄድ መስሎታል። «የት ልትጥሉት ነው?» አለኝ። አልጥለውም አልኩት። «ታዲያ ወዴት ነው?» አለ። ቤቴ ነው የምወስደው አልኩት። ጋሪውን አየ፣ የበሰበሰ ቲማቲም ነው፣ የሙዝ ልጣጭ ነው፣ ፌስታል ነው። እንደገና እኔን አየኝ። እና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ልጆች የሉዎትም? አያሳክሙዎትም?» አለኝ። ወላሂ አዘነልኝ። ልጓሙን ለቀቀና፣ በጥላው በኩል ሂዱ፣ ፀሐዩ ጥሩ አይደለም ብሎ ሸኘኝ።

ማምጣቱ ቀላል ነው፣ ማቆየቱ ነው ጣጣው። ቅዳሜ ያመጣነው እስከ ማክሰኞ መቆየት አለበት፣ ፍየሎቹ ደግሞ አይምሩትም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያመጣነውን እሁድ እስኪነጋ ጨርሰውት አደሩ፣ ማክሰኞ ፌስታል ብቻ ነው የሰጠነው፣ አፈርን። ከዚያ ቆሻሻው ዙሪያውን በሽመል ታጠረ፣ ዘብ ተመደበለት። ሽማግሌው ሁሉ በተራ በተራ ዱላ ይዞ ቆሻሻ ይጠብቃል። የማሽላ ማሳችንን ጦጣ እየበላው እኛ የሙዝ ልጣጭ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ሀሊማ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንዲህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። 

ደረጀ ግን በየማክሰኞው ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። መንገዱም አለ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ።

ነሐሴ ገባ። አንድ ማክሰኞ ከንጋት ጀምሮ ዝናቡ ወረደ፣ ሰማዩ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ዘሃራን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ጋ ደወልን፣ ሌላ ወላድ ይዞ ሩቅ ሄዷል። ባጃጆቹ በዚህ ዝናብ አንገባም አሉ። ቃሬዛ ይዘጋጅ ተባለ። ቃሬዛውን አውቀዋለሁ፣ ያው የድሮው ነው። ውጭ ወጥቼ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። እና ያን ጊዜ ጡሩንባ ሰማሁ።

ደረጀ ነው። በዚያ ዝናብ። ለምን መጣህ አላልኩትም፣ ቆሻሻው አለና መጣ። ነገሩን ሲሰማ ጋቢናውን ጠረገ፣ የራሱን ጃኬት አነጠፈ፣ ልጆቹ ከኋላ ወጡ። ዘሃራን ደግፈን አስገባናት፣ ሀሊማ አጠገቧ ገባች። አሁን እኔ ምን አደረግሁ? ንገሪያቸው ዘሃራ። አትነግሪያቸውም? እኔ ልንገራቸው። እኔ አካፋ ይዤ ቆሻሻውን መጫን ጀመርኩ! አእምሮዬ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መኪናው ባዶውን ከሄደ መንገዱ ይቀራል፣ መንገዱ ከቀረ ልጄ ትሞታለች። ልጄ እዚያው መኪናው ውስጥ ናት እኮ! ደረጀ ይጮህብኛል፣ እኔ አካፋውን አለቅም። ከዚያ ይቺ ልጅ በምጥ ላይ ሆና አንገቷን በመስኮት አወጣች፦

«አባ፣ ዛሬ እኔን ጭኗል! ባዶውን አልሄደም፣ አካፋውን ጣልና ግባ!»

ጣልኩት። ከኋላ ወጣሁና ከልጆቹ ጋር ቆምኩ። ወንዙ ላይ ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ በቱቦው ውስጥ እያጓራ ያልፋል። እኛ ደግሞ በላዩ አለፍን። ያን ቀን ነው ፊት ለፊት ያየሁት፣ አላዞርኩም። አለቀስኩ፣ ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው፣ የቆሻሻ መኪና በዚህ በኩል አይገባም ሲል ሀሊማ ከጋቢናው ወረደች፣ ምን እንዳለችው አልነግራችሁም፣ በሩ ተከፈተ። ከቀትር በፊት ኢክራም ተወለደች። ዛሬ እናንተን ስታስቸግር የምትውለው ያቺው ናት።

መስከረም ላይ ደግሞ የከተማው ጽዳት ኃላፊ ከሰዎች ጋር መጣች፣ ትሑት ሴት ናት። ቆሻሻ በማስወገድ ምሳሌ ሆናችኋል፣ አጥር አጥራችሁ፣ ዘብ መድባችሁ፣ እንዲህ ያለ የትም አላየሁም ብላ አመሰገነችን። እኛ መሬት መሬት እናያለን። ሸህ ሙሳ ግን ውሸት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ብድግ አለ። «ይሄ ቆሻሻ የኛ አይደለም» አላት። «የናንተ ነው። እኛ ከገበያ ያመጣል፣ መኪና ደግሞ ወደ ከተማ ይመልሳል።»

ለምን? አለች። ነገርኳት፣ ሁሉንም። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «አባቴ፣ መንገዱ እኮ በከተማው ፕላን ላይ ያለ መንገድ ነው። መኪናው መጣ ቀረ መንገዱ የትም አይሄድም» አለችኝ።

እና ያ ሁሉ ልጣጭ? ያ ሁሉ ዘብ? በሰው ፊት እብድ የተባልኩት? ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ሀሊማ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ ቆማ ነበር። ረጋ ብላ፣ «መንገዱስ ይኑር። ያን ቀን በመንገዱ ማን ሊመጣልን ነበር?» አለች። 

ይኸው አሁን ከተሜ ሆነናል። መብራቱም ገባ፣ ሱቁም ተከፈተ። ፌስታል ነው፣ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ የብስኩት ወረቀት ነው፣ ፍየሉ እንኳ ትቶታል። ዛሬ የምር ቆሻሻ አለን፣ አልሀምዱሊላህ ልበል ወይስ ምን ልበል። መኪናው ግን ጠፋ! ደረጀም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል፣ አዲሱ ሾፌር ሲሻው ይመጣል ሳይሻው ይቀራል። ስንደውል ይመጣል ይሉናል። ቆሻሻ ሳይኖረን በሳምንት ሦስቴ የመጣ መኪና፣ ቆሻሻ ሲኖረን እንደ ሐጅ በዓመት አንዴ ሊሆን ነው። ምን ይሻላል እንግዲህ?

(ዘሃራ፦) «አባ፣ ማንጎው ደርሷል እኮ። ለአዲሱ ሾፌር አንድ ኩንታል አሸክማችሁ ላኩለት፣ ሐሙስም ቅዳሜም ይመጣል።»

ሰማችኋት? ሃ ሃ! ይቺ ናት ልጄ። በሉ ጆንያውን አምጡልኝ።