ጋሽ ሣህሉን ከትምህርቱ ያስወጣሁት ቀን

ጀመዓ፣ ብርጭቆ ሳናነሳ አንድ ነገር ልበል። መቼም ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ እዚህ የለም፦ ጋሽ ሣህሉ በዚህ ሁሉ ሙቀት ጋወኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚውለው ለምንድን ነው? መካኒካችን ዐብዲሐኪም በየጠዋቱ «አቦ ሣህሉ፣ ወደ ሐረር ብርድ ልትወጣ ነው?» ይለዋል። እሱም «ደንገጎ ዳገት ላይ እጠብቅሃለሁ» ይላል። እንስቃለን።

ወደ ልብስ ፋብሪካችን የመጣ ዕለትማ ሱፍ በክራባት ለብሶ ነበር አሉ። የነገረችኝ ናሲሞ ናት፤ ያኔም ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘበኛው ባለሀብት መስሎት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስቀመጠው፣ ለስላሳ ቀረበለት። ጋሽ ሣህሉ ረጋ ብሎ ጠጥቶ ጨረሰና «ቅድ ክፍል የት ነው? ቆራጭ ነኝ» አለ።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ቀን «እርስዎ» ስለው «ድሬ ላይ አንቱ የለም» አለኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ትከሻ ሠላሳ ስምንት፣ ወገብ ስልሳ አራት። ምሳ አትበዪም እንዴ?» አለኝ። ሜትር አምጥቼ ተለካሁ፤ አንዲት ሴንቲ አልሳተም። ኮምፒውተሬ ግማሽ ቀን የለፋበትን ቅድ ደግሞ በጠመኔ አስተካክሎ ሁለት ሜትር ጨርቅ አተረፈ። «ለኮምፒውተሩ እንዳትነግሪው፣ ያዝናል» አለኝ።

አሁን የማያስቀውን ልናገር። አስፈቅጄዋለሁ፤ «ንገሪያቸው» ብሎኛል።

ባለፈው ጥቅምት ነርሶች መጥተው ስለ ጡት ካንሰር ሲያስተምሩን «ወንዶች ውጡ» ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሣህሉ በሩ ላይ ትንሽ ዘገየ። ሰርቪስ ስንጠብቅ «ምን አሏችሁ?» አለኝ። «አቦ ተወን፣ አንተን አይመለከትም» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለካ ያኔ ጡቱ ሥር ጠጣር እብጠት ነበረበት።

የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ እንደሆነ ከባለቤቱ ከሸዋገነት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሚወጋው መርፌ የወንድን ጡት ሊያሳብጥ እንደሚችል ስለተነገረው፣ የመድኃኒቱ ነው ብሎ ተወው። ሲጠጥርም ለሐኪሙ መናገር አፈረ። «የሴት በሽታ ያዘው እንዳትሉኝ» አለኝ በኋላ። ጋወኑን ደረቱ ላይ አስፍቶ በገዛ እጁ ቀዶ ሰፋው። ሰውን በዓይኑ የሚለካ ሰው አጠገባችን ቆሞ ሰባት ወር ተደበቀን፤ እኛም ዓይን ነበረን።

ኋላ ሲብስበት ለሐኪሙ አሳየው፤ አዲስ አበባ ናሙናው ሲመረመር ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ ተነስቶ ጡቱ ላይ ያረፈ ሆኖ ተገኘ። አጥንቱም ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ «ወደ ጡት መሰራጨቱ እጅግ ብርቅ ነው» ቢለው «ሎተሪ እንኳ ቆርጬ አላውቅም» አለው።

እኔ ችኩል ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ያላነበብኩት፣ ያልደወልኩለት የለም፤ አንድ ሰው «ይድናል» ቢለኝ ብዬ። ማንም አላለኝም። ሕመሙን የሚያስታግስ፣ ምናልባት ጥቂት ወራት የሚጨምር ሕክምና አለ፤ ያለው ይኸው ነው። ቀጠሮው ማክሰኞ አዲስ አበባ ነው። እሱ ደግሞ «ለምኑ ብዬ? አልሄድም» ብሏል።

ጋሽ ሣህሉ፣ አመሰግንሃለሁ። ያን ሁሉ ጨርቅ ያበላሸሁ ቀን ሰው ፊት አላዋረድከኝም፤ መቀሱን ነበር የተቆጣኸው። እኔ ግን አንድ ቀን ብትጠይቀኝ አባረርኩህ። ይቅርታ አልልህም። እንደምትምረኝ አውቃለሁ፤ ከማርከኝ ደግሞ ይቀለኛል፣ እንዲቀለኝም አልፈልግም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፣ የያዛችሁት ውኃም ቢሆን። ረጅም ዕድሜ ማለት አፌ ላይ ከበደኝ። ሕመም የማይረብሸው እንቅልፍ፣ የሚጣፍጥ ምሳ፣ ከሸዋገነት ጋር ነፋሻማ ምሽት ይስጥህ።

ሰኞ ለሚነሳው አውቶቡስ ሦስት ወንበር ይዣለሁ፤ ላንተ፣ ለእሷ፣ ለእኔ። ጋሽ ሣህሉ፣ ትሄዳለህ? ማናችንም አልጠጣንም፤ መልስህን እየጠበቅን ነው።