ፋይል እስኪነበብ ሰው ለምን ይቆማል?

ባለቤቴን ዓይኗን ለማሳየት ክሊኒክ ይዣት በሄድኩበት ጠዋት ነው ይህን ክርክር የሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሁለት ሰው ሲከራከር ካየሁ አልፌ መሄድ አልችልም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን አትወድልኝም፤ እውነቷን ነው።

እኛ ማልደን ስለደረስን ቶሎ ገባን። ለእሷ ጠብታ ጨምረውላት ብሌኗ እስኪሰፋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ብወጣ፣ ሰልፉ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተነስቶ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ሠራተኛዋ እጇን ማውሱ ላይ አሳርፋ ስክሪኑ ላይ አፍጣለች። «ስታክ አድርጓል፣ ትንሽ ታገሱኝ» ትላለች። የቆየ ታካሚ ካርድ በከፈተች ቁጥር እንዲህ ነው አሉ፤ የዓይን ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ ተነበው እስኪያልቁ አዲስ ሰው መመዝገብ እንኳ አትችልም።

ከእሷ ጀርባ አንድ የማውቀው ራሰ በራ አየሁ። የድሮ ጎረቤቴ ነው፣ ፕሮግራም ጸሐፊው። ሰፈሩ ሁሉ «ተራ በተራ» ይለው ነበር፤ በር ላይ ሁለት ሰው ቢገናኝ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ሲያየኝ አቅፎ ሳመኝና ወደ ውስጥ አስገባኝ። የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም የእሱ ሥራ መሆኑን ያኔ አወቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት ለፍቶበታል። የክሊኒኩ ኃላፊ ግን ትዕግሥታቸው አልቋል፤ ዛሬ ካልተስተካከለ ነገ ሌላ ፕሮግራም አስገባለሁ ብለውታል።

አጠገቡ የእህቱ ልጅ ተቀምጣለች። የሙያውን ሀሁ ያስቆጠራት እሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አሁን አብራው ትሠራለች። ማስተካከያውን ጽፋ ላፕቶፗ ላይ ይዛለች፤ እሱ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አላስጭንም ብሎ ይዟታል።

«ጋሼ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ፋይሉን ከዲስክ የሚያመጣው እኮ የእርስዎ ፕሮግራም አይደለም፤ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። የእርስዎ ፕሮግራም አንብብልኝ ብሎ ይጠራውና መልስ እስኪመጣ ድርቅ ብሎ ይቆማል። እሱ ሲቆም ሠራተኛዋ ትቆማለች፣ እሷ ስትቆም ሰልፉ ይቆማል። ሌላ ዓይነት ጥሪ አለ። አንብብልኝ፣ ስትጨርስ ንገረኝ ብሎ ወዲያው ወደ ሥራው የሚመለስበት።»

«ጥሪውን አውቀዋለሁ» አለ። «እኔ የጠየቅኩት ነገር እጄ ሳይገባ ወደ ሌላ አልሄድም። የሰው ዓይን ነው የያዝነው።»

መቼም አፌ አያርፍም፣ ገባሁበት። ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቅ ሰጥተህ እስኪሰፋ በሩ ላይ ቆመህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«የሌላ ሰው ልብስ ተሰጥቶህስ አያውቅም?» አለኝ።

ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገረን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥሪ ሞክሮታል። የአንዲት ሴትዮ ፎቶ እየተነበበ ሳለ የአንድ ሰውዬ ካርድ ተከፈተ። ሁለቱም ፎቶ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ነበርና የሰውዬው ዓይን በሴትዮዋ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ነርሷ ፎቶው ላይ ሴትዮዋ ያላደረገችውን የድሮ ቀዶ ጥገና ምልክት አይታ ባትጠራጠር ኖሮ ጤነኛ ዓይን ሊነካ ነበር። በዚያው ቀን ፕሮግራሙን ወደ ድሮው መለሰው፣ ለኃላፊውም ትንፍሽ አላለም። ይህን ሲነግረን ፊቱ ተለዋወጠ፣ እኔም አዘንኩለት። ግትር ይመስለኝ የነበረው ሰው ለካ ፈርቶ ነው።

«ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ሁለት ወር አንጨቃጨቅም ነበር» አለችው። ወረቀት አወጣችና ሣጥን ሣጥን እየሳለች አስረዳችው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ቦታና የራሱ ቁጥር አለው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲጨርስ የየትኛው ቁጥር ፋይል እንደደረሰ ይናገራል። ቁጥሩ እስኪጠራ ያንን ቦታ ማንም አይነካውም።

«ትንሹ ፋይል ኋላ ተጠይቆ ቀድሞ ሊመጣ ነዋ። ተራው ተበላሸ።»

«ማን ቀድሞ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጋሼ። የማን እንደሆነ ግን ይታወቃል።»

ወዳጄ ወረቀቱን አገላብጦ ብዙ አየው። እሺ የሚል መስሎኝ ነበር።

«ሠራተኛዋ ንባቡ ሳያልቅ ካርዱን ብትዘጋውስ?» አላት። «ቦታውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ወዲያው እለቀዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ሰው...» አለችና የሳለቻቸውን ሣጥኖች እንደገና አየች። ፊቷ ቀላ።

ነገሩ ለእኔም ገባኝ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካርዱ መዘጋቱን አያውቅም፤ የታዘዘውን አምጥቶ የተባለው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ቦታው ያኔ ለሌላ ታካሚ ተሰጥቷል። ያ የድሮ ስህተት ተመልሶ ሊመጣ ነበር ማለት ነው።

አላልኩሽም ብሎ ይኮራባታል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ካርዱ ሲዘጋ ንባቡን አቁም ብለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንዲጠይቁ፣ ግን ቆሟል ወይም አልቋል የሚል መልስ ከእሱ ሳይመጣ ቦታውን እንዳይለቁ ተስማሙ። ያቺን መስመር የጻፋት እሱ ራሱ ነው። ላፕቶፗ ላይ የፋይሎቹን ቅጂ ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ካርድ ሲከፍቱ ሲዘጉ ቆዩ። ባለቤቴም በዚህ መሀል ታይታ ጨርሳ ትጠብቀኝ ጀመር። አንድም ፎቶ ከስሙ አልተለየም። «እንግዲህ ጫኚው» አላት።

ሠራተኛዋ ከሁሉ የከበደውን ካርድ ከፈተች። ስሙ ወጣ፣ የፎቶው ቦታ ላይ «እየተነበበ ነው» ይላል። ፎቶው እስኪመጣ ሦስት ሰው መዘገበች። «ምን ነካው ዛሬ?» እያለች ትስቃለች።

ፋይሉ የሚነበብበት ጊዜ አላጠረም፤ ያው ነው። ጥቅሙ ሠራተኛዋም ሰልፉም ለእሱ ብለው አለመቆማቸው ነው። ብዙ ጥያቄ ባንድ ላይ ሲቀርብለት ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ንባቡን እንደሚመቸው ያደራጃል። ሥራ አዝዞ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብበት ይጠቀማል። ስህተቱን ደብቆ የያዘም እንደዚሁ፤ ወዳጄ ዘጠኝ ዓመት የፈራው ነገር ከተናገረው በኋላ ከግማሽ ቀን በላይ አልፈጀም።

ኃላፊው መጡ። ሰልፉ ማለቁን አይተው ማን እንዳስተካከለው ጠየቁ። ወዳጄ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እሷ ናት» አለ። «ሰዉን ያስቆምኩት ግን እኔ ነኝ፣ ማሽኑ አይደለም።» ከዚያም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሆነውን ሳያሳጥር ነገራቸው።

ኃላፊው አዳመጡት። ሲጨርስ፣ ዛሬ የተጫነው ፎቶ እንዳያደባልቅ ማን እንደሚያረጋግጥላቸው ጠየቁ። ልጅቱ ወደ አጎቷ ጠቆመች፤ እሷ ያላየችውን ቀዳዳ እሱ እንዳገኘው ነገረቻቸው።

«እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ ይቆያል» አሉ ኃላፊው። «ሁለታችሁም ትቆያላችሁ። ከእንግዲህ ግን ስህተት ስታገኙ በዚያው ቀን ንገሩኝ።»

«እሺ፣ በዚያው ቀን» አለ ወዳጄ። ልጅቱ እጁን ያዘችው፣ እሱም አልለቀቃትም።