የጋሼ ነጥብ

ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ማተሚያ ቤቱ ደረጃ ላይ ከቀድሞ ተማሪያቸው ጋር ተገጣጠሙ። ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት የሰዋስው መጽሐፍ ከሰዓት በኋላ ሊታተም ነው፤ እሷም የቤቱ አራሚ ሆናለች። ሰላምታው ሳያልቅ እጃቸውን ይዛ ወረቀት ወደተከመረባት ጠባብ ክፍሏ አስገባቻቸው።

«ጋሼ፣ አለቃዬ ‹የትልቅ ሰው ጽሑፍ አይነካም፣ እንዳለ ይታተም› ብሎኛል። እኔን ግን ሆዴ እንቢ አለኝ። ቅንፍ በተዘጋ ቁጥር የዓረፍተ ነገሩን መዝጊያ ነጥብ ከቅንፉ ውስጥ አስገብተውታል።»

መምህሩ ሳቁ። «ታዲያ የት ላድርገው? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

«አይቆጡኝ እንጂ የእንግሊዝኛው ሥርዓት እንዲህ ነው። ቅንፉ በሌላ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከገባ እንግዳ ነው፤ በሩን የሚዘጋው ባለቤቱ ስለሆነ ነጥቡ ከቅንፉ ውጭ ይውላል። ዓረፍተ ነገሩ ራሱን ችሎ ቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ ግን ቤቱ የራሱ ነውና ነጥቡም ከውስጥ ይሆናል። ኮማም ቢያስፈልግ ከመዝጊያው በኋላ እንጂ ከመክፈቻው በፊት አይገባም።»

ከመደርደሪያው መጻሕፍት አውርዳ ዘረጋችላቸው። መምህሩ እያነበቡ መነጽራቸውን ደጋግመው ወለወሉ፤ የተጻፈው ግን አልተለወጠላቸውም።

በእኛ ዘንድ የትልቅ ሰው ስሕተት አይነካም። ፊት ለፊት አንገት ይደፋለታል፣ ዞር ሲል ይሳቅበታል፤ ይህንንም ጨዋነት ብለን ለልጆቻችን እናወርሳለን።

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ ጋ ከምማርበት ጊዜ ጀምሮ።»

«አብረውኝ ያስተማሩትስ?»

አራሚዋ መሬት መሬት አየች። «ያውቁ ነበር፣ ጋሼ። ‹የጋሼ ነጥብ› እያሉ ይቀልዱበት ነበር።»

በጡረታ ስንብታቸው ቀን ቆመው ያጨበጨቡት እነዚያው ነበሩ። መምህሩን ከስሕተቱ ይልቅ ያ ጭብጨባ አንገበገባቸው።

«አከበርን ብላችሁ መሳቂያ አደረጋችሁኝ! የኔስ ይሁን፤ ከኔ ተምረው ሲሳሳቱ የኖሩት ልጆች ምን በደሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይነግረኝም?»

«ያኔ ብነግርዎ ኖሮ ምን ያደርጉኝ ነበር?»

መምህሩ ‹አመሰግንሽ ነበር› ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ውሸት ሆነባቸው።

«እገርፍሽ ነበር» አሉ።

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ሰጧት። «ማተሙ ይቁም። አንቺም አርሚው፤ ትልቅ ሰው ነው ብለሽ እንዳትምሪኝ። መጪዎቹ ልጆች ትክክለኛውን ይማሩ። በኔም የሚስቅ ካለ ከእንግዲህ በፊቴ ይሳቅ።»

ለመታረም የፈቀደ ሰው ዘግይቶም ቢሆን መጽሐፉን ያድናል፤ አንባቢውንም ከስሕተት ይጠብቃል። ያለፉትን ተማሪዎች ግን ማንም መልሶ ክፍል አያስገባቸውም።