አንቺንም ያዙሽ?

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ኅዳር ስድስት። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋስ አለ፣ ዝናቡ ግን ገና አልወሰነም። በመጦሪያ ቤታችን መመገቢያ አዳራሽ ያሉት ኃላፊያችን ሲስተር፣ ጥናቱን የሠሩት መምህርት፣ ምግብ አብሳያችን፣ ልብስ አጣቢያችን፣ ዘበኛው፣ የቀን አስታማሚዎች በሙሉ፣ ተማሪ ነርሶቹ፣ ከነዋሪዎቹም ሳይጠሩ ከሁላችን ቀድመው የተገኙት ጋሼ ሾፌሩ ናቸው።

ክቡራትና ክቡራን፣ አትሳቁብኝ። ንግግር እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። የማውቀው ጠዋት ጠዋት ከክፍል ክፍል እየገባን ለነዋሪዎቹ የምንለውን ነው። ቀኑ ይህ ነው፣ ውጭው እንዲህ ነው፣ አብረናችሁ የምንውለው እነ እገሌ ነን። ሰው የት እንዳለ ካላወቀ ይደነግጣል። እኔም ደንግጫለሁ፤ ለራሴ ነው የነገርኩት።

ይህን ሁሉ ስለደገሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኬኩን ስገባ አይቼዋለሁ። «መልካም ትምህርት ለባለቁልፏ» ይላል። እጅሽ ይባረክ፣ ምግብ አብሳይ እህቴ። ግን ሳይቆረስ አንድ ነገር ልናገር።

ትምህርት ቤት አልገባም።

ዘበኛው፣ ቀስ በል፣ ተቀመጥ፤ እነግርሃለሁ። ለሲስተርና ለመምህርት ትናንት ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተ አንድ በአንድ መናገር ስላቃተኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።

ታውቁኛላችሁ፣ ትምህርት ያቋረጥኩት ልጅ ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ወረቀት፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ተማሪዎች ከፈተና በኋላ ከሚጥሉት ቁራጭ ነው። ልብስ አጣቢያችን «እኔ እኮ ኪስ የምፈትሸው ለአንቺ ንባብ ስል ነው» ትለኝ ነበር። ግማሹ ታጥቦ ፊደሉ የጠፋ ነበር። የጠፋውን እየገመትኩ ነው ያነበብኩት።

ታዲያ መምህርት አንድ ቀን መጡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። ተማሪ ነርሶች ሁሉም ሆስፒታል ይመኛሉ፤ እንደኛ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ሲደርሳቸው ግን ያለቅሳሉ። ለምን? ትምህርቱ ነው የጎደለው ወይስ ቤቱ? ጥናቱ እዚሁ ተሠራ፤ እኛም መልስ ሰጠን። ከጥናቱ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ ልምድ ያለው አስታማሚ ነርስ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተፈቀደ፤ እኔም ተመረጥኩ። ሁለተኛው የአልጋ ቀን ነው።

አንዱ በር ከፈተልኝ፣ ሌላው መልሶ ዘጋው።

የአልጋ ቀንን ላልደረሰው ልንገረው። እኛ አስታማሚዎቹ እንደ ነዋሪ እንተኛለን፣ ተማሪዎቹ ይንከባከቡናል። በሌላ ቀን ደግሞ እነሱ ይተኛሉ። ተነሥቶ መሄድ የለም። የአልጋውን የጎን ብረት ራስ ማውረድ የለም። የፈለገ ደወል ይደውላል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ሰው ስላነሰን ዘበኛውም ተኝቶ ነበር። እሱ እንኳ አንኮራፍቶ የመምህርትን ሙከራ አበላሽቷል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ያቺ ረዥሟ ተማሪ ብርድ ልብሱን አስተካከለችልኝ፣ ብረቱን ከፍ አደረገችው፣ ሾርባ ያዘችና «አፍዎን ይክፈቱ፣ እማማ» አለችኝ። እማማ! እሺ፣ ይሁን። በደንብ ነው ያጎረሰችኝ። ከዚያ ከጎን ክፍል ጠሯትና ሄደች። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ይታየኛል፣ አልደርስበትም። ደወልኩ። «መጣሁ!» አለች ከኮሪደሩ።

ይህን ቃል እኛ በቀን ስንቴ ነው የምንለው? ውሸት እኮ አይደለም፤ መምጣታችንን እናውቃለን። ከአልጋው ውስጥ ሆነው ሲሰሙት ግን ሌላ ቃል ነው።

ያኔ ጋሼ ሾፌሩ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነድተው፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከዋናው በር ሥር ቆመው የመነሻ ሰዓት የሚጠብቁት እሳቸው። አዩኝ፤ ብረቱንም አዩት።

«አንቺንም ያዙሽ?» አሉኝ።

«ያዙኝ፣ ጋሼ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ምንም።»

«እኔም ምንም» አሉና ሄዱ።

ጋሼ፣ አይሳቁ፤ እውነቴን ነው።

አንገቴ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ባለቁልፏ ያላችሁኝ በእሷ ነው። እናቴ ብቻዋን ከወጣች መመለሻው ይጠፋባታል። ስለዚህ ወደ ሥራ ስመጣ በሩን ከውጭ እቆልፈዋለሁ፣ ጎረቤቴም በመስኮት ታጫውታታለች። ሌላ መላ አልነበረኝም፤ ሲስተርም ያውቃሉ፣ ሰፈሩም ያውቃል። ያን ቀን ግን ከአልጋው ተነሥቼ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ከበሩ ጀርባ ቆማ አገኘኋት። እዚያው ነበር የምትቆመው ለካ።

«ስጠራሽ ነበር» አለችኝ።

እኔም «መጣሁ» አልኩ። አፌ የለመደው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጓጉንቸሩን ባነሣሁ ቁጥር ያ የአልጋ ብረት ሲነሣ የሚያሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ትምህርቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው፣ ለዓመታት። ሲስተር ደግ ናቸው፣ እናቴን እዚህ እንቀበላት አሉ። አምጥቼ አሳየኋት፤ ታስታውሳላችሁ፣ መጋረጃውን ስትዳብስ ነበር።

«የምትሠሪው እዚህ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ማታስ?»

«ማታ ወደ ቤት እሄዳለሁ።»

«እኔስ? አንቺ እየወጣሽ እኔ ልቀር?»

ሲስተር «ይለምዳሉ» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ይለመዳል። የማለማምደው እኔ አይደለሁ? መጀመሪያ በሩን ያያሉ፣ ከዚያ እኛን ያያሉ፣ ከዚያ ማየት ይተዋሉ። የመጨረሻውን በእናቴ ፊት ላይ ማየት አልቻልኩም።

መምህርትን ቦታው እስከሚመጣው ዓመት ይቆይልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እንደማይቆይ ሲነግሩኝ እሳቸው ናቸው ያለቀሱት። ወንድሜ ደግሞ በስልክ «ወጪውን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ብቻ ከእሷ አትለዪ» አለኝ። ደግ ነው ወንድሜ። ሩቅ ሆኖ ደግ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ወዲያ ሥራዬንም ትቼ ከእናቴ ጋር ቤት እውላለሁ።

ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው ብል አታምኑኝም። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት አለው፣ እሱም የሚያየው የሰው ግድግዳ ነው። እናቴን እወዳታለሁ። መማርም ፈልጌ ነበር፤ በሌሎች እጅ ታጥቦ ያልደበዘዘ ሙሉ መጽሐፍ ገልጬ መማር። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም። ሁለቱም እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጠዋል፤ መፈናፈኛ ነሥተውኛል።

መምህርት ከአልጋው በተነሣሁ ጊዜ «የአልጋ ቀን ምን አስተማረሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ውሃው ቅርብ ይቀመጥ» ነበር ያልኩት። እሱን ጽፈውታል። የቀረውን ዛሬ ሰምተዋል፤ ከፈለጉ ይጨምሩት።

ተማሪዎች፣ እናንተ ልጆቼ፣ አልጋው ላይ መተኛቱን እንዳትተዉት። ሰነፍ ነርስ ትሆናላችሁ ብዬ አይደለም። ጎበዝ ስትሆኑ ነው የሚረሳው።

በሉ ኬኩን ቁረሱ። «መልካም» ያለበትን በኩል ለእናቴ ጠቅልሉልኝ። «ትምህርት» ያለበትን የእኔን ቦታ ለምትወስደው አቆዩላት፤ ማንም ትሁን፣ ትጠንክር፣ በእኔም አትዘን።

ወገባችሁ አይጉበጥ፣ እጃችሁ አይዛል። ስታረጁ ስትጠሩ የሚሰማ ጆሮ አይጥፋባችሁ። ጋሼ ሾፌሩ፣ አውቶቡስዎ ይድረስልዎ። ሁላችሁንም ፈጣሪ ደጅ የሚያወጣ ጤና ይስጣችሁ፤ የምትሄዱበትንም ያሳምርላችሁ። ደኅና ሁኑልኝ።

ይህን የተናገርኩትን የሌሊት ተረኞች ተኝተው ስላልሰሙ በማግስቱ ጻፍኩላቸው። የጠዋቱንም እዚሁ ልጨምርላቸው።

ተነሥቼ ውሃ አሞቅሁ። የእናቴን ፊትና እግር አጠብኩ፣ ፀጉሯን አበጠርኩ። ጓጉንቸሩን ከበሩ ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ እንደ ልማዴ ነገርኳት።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ኅዳር ሰባት። ዝናቡ አባርቷል። ያለነው እኔና አንቺ ነን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አትሄጂም?»

«አልሄድም።»

እኔን አየች፣ ቀጥላ የተከፈተውን በር አየች። «እንግዲያው ቁልፉን ስጪኝ» አለች።

ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። በራሷ አንገት አጠለቀችውና ከቀሚሷ ሥር ከተተችው። ግድግዳውን እየያዘች ሄዳ በሩን ዘጋች፣ ገፋ አድርጋም መያዙን አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ውሃውን እጇ ከሚደርስበት አስጠጋሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።